የሠራተኞች የግል ስልክና የድርጅት ሶፍትዌር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሠራተኞቻቸው በገዛ ስልካቸው ወደ ኢሜይል፣ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ሽያጭ ወይም ወደ ደንበኞች መዝገብ ለሚገቡባቸው አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ኃላፊዎች የተዘጋጀ ገጽ ነው።

በግል ስልክ መሥራትን ጨርሶ መከልከል አይሻልም?

ለአብዛኛው ድርጅት አይሻልም። የሽያጭ ሠራተኛው ደንበኛ ፊት ቆሞ ዋጋ ማረጋገጥ ሲኖርበት፣ የመጋዘን ኃላፊዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ ዕቃ ስትጠየቅ፣ በእጃቸው ያለው የራሳቸው ስልክ ነው። ክልከላው ይህን ስለማይለውጥ ሰዎች ዙሪያውን መንገድ ይፈልጋሉ፤ የኮምፒዩተሩን ስክሪን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልካሉ፣ ወይም የባልደረባቸውን የይለፍ ቃል ይዋሳሉ። ያን ጊዜ ማን ምን እንዳየ ድርጅቱ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

የሚሻለው የተፈቀደውን ካልተፈቀደው መለየት ነው። ኢሜይል ማንበብ፣ የዋጋ ዝርዝርና የዕቃ ክምችት ማየት ከግል ስልክ ቢፈቀድ ብዙ ጉዳት የለውም። ክፍያ ማጽደቅ፣ ደመወዝ መሥራት፣ የተጠቃሚዎችን ሥልጣን መቀየርና የደንበኞችን ሙሉ መዝገብ ማውረድ ግን ድርጅቱ ራሱ ገዝቶ በሚያስተዳድረው መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲወሰን አጥብቄ እመክራለሁ።

ከምን ልጀምር?

የትኞቹ ሶፍትዌሮች ከስልክ እንደሚከፈቱ፣ ማን እንደሚከፍታቸውና በየትኛው አካውንት እንደሚገባ በመመዝገብ ይጀምሩ። ይህ መዝገብ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ የተጠቃሚ ስም እየገቡ መሆኑ ነው፤ ከሁሉ በፊት መታረም ያለበትም ይኸው ነው። አካውንቱ የጋራ ከሆነ የአንዱ ስልክ ሲጠፋ የሁሉንም መግቢያ መዝጋት ግድ ይሆናል፤ የተሳሳተ ግብይት ሲገኝም ማን እንደመዘገበው መለየት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት መክፈት ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያም ሆኖ የሚቆጨው ወጪ አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ድርጅቱ ሶፍትዌር የሚገባ ማንኛውም ስልክ የሚያሟላው ዝቅተኛ መስፈርት ይጻፍ፦ ቢያንስ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን፣ ከአጭር ጊዜ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ስክሪን፣ የደረሰውን የሲስተም ማሻሻያ ሳያዘገዩ መጫን፣ መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ማውረድ፣ በድርጅቱ አካውንቶች ሁሉ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ ሌላ እንደ ኮድ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ የመልእክቶች ይዘት እንዳይታይ ማድረግም ይጨመርበት፤ አለበለዚያ የማረጋገጫ ኮድ ስልኩን ሳይከፍቱ ማንበብ ይቻላል።

ዋናው አደጋ ቫይረስ ነው?

ጎጂ ሶፍትዌር ከአደጋዎቹ አንዱ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ሰው በሐሰት መልእክት ተታልሎ የይለፍ ቃሉን ሲሰጥ፣ ስልኩ ሳይቆለፍ ሲጠፋ፣ የቀድሞ ሠራተኛ አካውንት ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ስልክ ለማታለል ከኮምፒዩተር የተመቸ ነው፤ ስክሪኑ ትንሽ በመሆኑ የድረ ገጹ አድራሻ ሙሉ በሙሉ አይታይም፣ መልእክቱም የሚደርሰው ሰውየው ታክሲ ውስጥ ወይም ሰልፍ ላይ ሆኖ፣ በግማሽ ልብ በሚያነብበት ሰዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። ለድርጅቶች የመልእክትና የጥሪ አገልግሎት የሚሰጠው የትዊሊዮ ሠራተኞች ከድርጅቱ የአይቲ ክፍል የመጣ የሚመስል፣ የይለፍ ቃላቸው ጊዜው እንዳለፈበት የሚገልጽ አጭር መልእክት በስልካቸው ደረሳቸው፤ የተወሰኑት በሐሰተኛው ገጽ ላይ ምስጢራቸውን በማስገባታቸው አጥቂዎቹ የደንበኞችን መረጃ ለማየት በቁ። በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ መልእክት የድረ ገጾች ጥበቃ አገልግሎት ለሚሰጠው ለክላውድፍሌር ሠራተኞችም ተላከ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ነበር። አጥቂዎቹ ግን መግባት አልቻሉም፤ ድርጅቱ ከይለፍ ቃሉ ሌላ በእጅ የሚያዝ የደህንነት ቁልፍ ይጠይቅ ስለነበር ነው። በሁለቱም ድርጅቶች ሰው ተሳስቷል፤ በአንዱ ብቻ ስህተቱ ወደ ጉዳት አላደገም። የድርጅት ኃላፊ ጥረቱን ማዋል ያለበት ስህተቱ ሲደርስ ጉዳት እንዳይከተል በማድረግ ላይ ነው።

በቴሌግራም ወይም በዜንደር የተላከ መተግበሪያ መጫን ይህን ያህል ያሰጋል?

ያሰጋል። በኤፒኬ ፋይል (በአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ ፋይል) የሚዘዋወረው መተግበሪያ ዋናው ይሁን በሌላ ሰው የተቀየረ በዓይን አይለይም። በተለይ ለአካል ጉዳተኞች አጠቃቀም የተሠራውን አክሰሲቢሊቲ የተባለ ፈቃድ የሚጠይቅ መተግበሪያ፣ ፈቃዱ ከተሰጠው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሊያነብና በተጠቃሚው ፈንታ የስክሪኑን ቁልፎች ሊነካ ይችላል፤ የባንክ ገንዘብ የሚሰርቁ የአንድሮይድ ሶፍትዌሮች ደጋግመው የሚጠቀሙበት መንገድ ይህ ነው። ጎግል ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ከመደብር ውጭ የተጫኑ መተግበሪያዎች ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኙ ገደብ ቢያደርግም፣ ተጠቃሚው ራሱ ገደቡን ማንሳት ይችላል። ተጨማሪ አገልግሎት አላቸው እየተባሉ የሚዘዋወሩት የተቀየሩ የዋትስአፕና የቴሌግራም ዓይነቶችም ወደ ሥራ ሶፍትዌር በሚገባ ስልክ ላይ ቦታ ሊኖራቸው አይገባም።

ሰዎች ፋይል የሚቀባበሉት በአብዛኛው ዳታ ለመቆጠብ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ተግሣጹን ከመደርደር ይልቅ ሠራተኞች መተግበሪያቸውንና የስልካቸውን ሲስተም በቢሮው ዋይፋይ በነፃ እንዲያድሱ ቢፈቀድላቸው የበለጠ ይሠራል። ዋይፋዩ ግን ሰርቨርና የሒሳብ ኮምፒዩተር ካሉበት መረብ የተለየ፣ ለእንግዶች እንደሚዘጋጀው ዓይነት ይሁን።

በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ አይበቃም?

ምንም ከሌለ በእጅጉ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለት ክፍተቶች አሉበት። አንደኛው፣ ተጠቃሚው ኮዱን በሐሰተኛ ገጽ ላይ ሊያስገባው ወይም በስልክ ለደወለለት አጭበርባሪ ሊነግረው ይችላል። ሁለተኛው በእኛ አገር ብዙም አይታሰብም፦ ስልኩ በፒን ቢቆለፍም ሌባው ሲም ካርዱን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲከት ኮዱ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። ይህን የሚከለክለው በሲም ካርዱ ላይ የሚደረግ የራሱ ፒን ነው፤ በስልኩ የደህንነት ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል፣ ለማብራትም ደቂቃ አይፈጅም።

ከኤስኤምኤስ የሚሻለው እንደ ጎግል ወይም ማይክሮሶፍት ኦተንቲኬተር ያለ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ነው። ኮዱ በስልኩ ውስጥ ስለሚመነጭ ኔትወርክ በሌለበት ወይም ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል። ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱና ሲስተሙን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ግን የደህንነት ቁልፍ ወይም ፓስኪ (በመሣሪያው ውስጥ የሚቀመጥ፣ የይለፍ ቃልን የሚተካ መግቢያ) ይሁን፤ እነዚህ ከእውነተኛው ድረ ገጽ ጋር የተቆራኙ በመሆናቸው በሐሰተኛው ላይ አይሠሩም።

«መግባትዎን ያጽድቁ» ብሎ የሚጠይቅ ማሳወቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሠራተኛው ራሱ ያልጀመረውን ጥያቄ ፈጽሞ እንዳያጸድቅ ይነገረው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የታክሲ ጥሪ ድርጅቱ ኡበር የተጠቃው በዚህ መንገድ ነበር። ድርጅቱ እንዳስታወቀው የአንድ የኮንትራት ሠራተኛ የግል መሣሪያ በጎጂ ሶፍትዌር ተበክሎ የይለፍ ቃሉ ሳይወጣ አልቀረም፤ አጥቂው ደጋግሞ ለመግባት ሲሞክር ማሳወቂያው በላይ በላዩ መጣ፣ ሰውየውም በመጨረሻ አንዱን አጸደቀ። በመግቢያው ገጽ ላይ የሚታየውን ቁጥር በስልኩ ማሳወቂያ ላይ እንዲያስገባ የሚጠይቀው ዓይነት ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል።

ስልኩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ሲል ሠራተኛው እሺ ይበል?

ለግል አካውንቱ እሺ ማለቱ ችግር የለውም፤ የድርጅቱን ግን በግል የጎግል አካውንቱ ላይ አያስቀምጥ። የይለፍ ቃሉ እዚያ ከተቀመጠ የድርጅቱ ደህንነት በሠራተኛው የግል ኢሜይል ጥንካሬ ላይ ይንጠለጠላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የመግቢያ አገልግሎት ሰጪው ኦክታ የደረሰበትን ጥቃት ሲመረምር ያገኘው ይህንን ነው፤ አንድ ሠራተኛ በሥራ ላፕቶፑ በግል የጎግል አካውንቱ ገብቶ ሳለ የአንድ አካውንት የይለፍ ቃል እዚያው ተቀምጦ ነበር። ደህንነትን ሥራዬ ብሎ የያዘ ድርጅት ላይ የደረሰ ነገር በሌሎች ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። ድርጅቱ ራሱ የሚያስተዳድረው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ካለ ሠራተኛው እርሱን ይጠቀም።

ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ በምን ቅደም ተከተል እንሥራ?

በመጀመሪያ ድርጅቱ የሠራተኛውን የሥራ አካውንት ከሁሉም መሣሪያዎች ያስወጣና የይለፍ ቃሉን ይቀይር። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በማንኛውም ሰዓት ሊገኝ ይገባል፤ ስልክ ምሽት ላይም ሆነ በበዓል ሰሞን ሊሰረቅ ይችላልና። ቀጥሎ ሲም ካርዱ ይዘጋ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 መደወል ነው። ከዚያ የሞባይል ገንዘብና የባንክ መተግበሪያዎች ይታገዱ፣ የቴሌግራም አካውንቱም ከሌላ መሣሪያ ተከፍቶ የጠፋው ስልክ መግቢያ ይቋረጥ። ስልኩን በርቀት መቆለፍና ማጥፋት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ሌባው ኢንተርኔቱን ካጠፋው ትእዛዙ ላይደርስ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ሠራተኛው መጥፋቱን ወዲያው እንዲናገር ከተፈለገ ስለተናገረ አይቀጣ፣ ከደመወዙም አይቆረጥ። ስልኩ ሰኞ ጠፍቶ ድርጅቱ ዓርብ የሚሰማ ከሆነ በመካከል ያለፉት ቀናት ከስልኩ ዋጋ እጅግ የበለጠ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ስልክ ለጥገና ሲሰጥስ?

ለስክሪን ወይም ለባትሪ ቅያሪ ፒን መንገር የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ልማድ መቆም አለበት። አዳዲስ የሳምሰንግና የጎግል ፒክስል ስልኮች የተጠቃሚውን መረጃ ሳያሳዩ ለባለሙያው የሚከፈት የጥገና አሠራር አላቸው። ስልኩ ይህ ከሌለው ከመስጠት በፊት ከሥራ አካውንቶች መውጣትና ሲም ካርዱን ማውጣት ይበቃል፤ ስልኩ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ደግሞ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ድርጅቱ ከርቀት ያስወጣው።

ሠራተኞች «ድርጅቱ ስልኬን ሊሰልል ነው» ብለው ቢቃወሙስ?

ስጋታቸው ተገቢ ነውና በቁም ነገር መልስ ይሰጠው። ስልኩ የእነርሱ ነው፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሕክምና ወረቀት፣ ከጓደኛና ከንስሐ አባት ጋር የተለዋወጡት መልእክት በውስጡ አለ። ሙሉውን ስልክ በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር የሚያውል ሶፍትዌር በግል ስልክ ላይ መጫን በእኔ እምነት ትክክል አይደለም፤ ያስፈልግ ከሆነ ድርጅቱ ስልኩን ገዝቶ ይስጥ።

ደግነቱ ሁለቱን የሚለይ መንገድ አለ። በአንድሮይድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ ማለትም ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ የሥራ ፕሮፋይል የሚባል አለ፤ በአንዱ ስልክ ውስጥ የሥራ መተግበሪያዎች ብቻ የሚቀመጡበት የተለየ ክፍል ይከፍታል። ድርጅቱ የሚያስተዳድረውና ሠራተኛው ሲለቅ የሚያጠፋው ያንን ክፍል ነው፤ የግል ፎቶውን፣ መልእክቱንና የጥሪ ዝርዝሩን አያይም። ሠራተኛውም ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍሉን ማጥፋት ይችላል። አፕል ተመሳሳዩን ለአይፎን በአይኦኤስ 13 እ.ኤ.አ. በ2019 አምጥቷል። አነስተኛ ሜሞሪ ባላቸው ርካሽ ስልኮች ላይ የሥራ ፕሮፋይል ላይሠራ ወይም ስልኩን ሊያዘገይ ስለሚችል አስቀድሞ በአንዱ ላይ መሞከር ይገባል።

ከስምምነቱ በፊት ድርጅቱ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይና ምን ማጥፋት እንደሚችል በአማርኛ፣ ወይም ሠራተኛው አጥርቶ በሚረዳው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጥ። የስልኩን ሞዴል፣ የሲስተሙን ቁጥርና ፒን መኖሩን እንደሚያይ አለመደበቅ ይሻላል፤ ኋላ ሲታወቅ ሌላውንም ቃል ያስጠረጥራልና። እንዲህ ተነግሮት የማይስማማ ሠራተኛ ሥራውን በቢሮ ኮምፒዩተር የሚሠራበት አማራጭ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ለማድረግ ውድ ሶፍትዌር መግዛት የግድ ነው?

አይደለም። ጎግል ዎርክስፔስን ወይም ማይክሮሶፍት 365ን የሚጠቀም ድርጅት ፒን የማስገደድና የሥራ አካውንትን ከጠፋ ስልክ ላይ የማጥፋት መሠረታዊ አቅም አብዛኛውን ጊዜ ከከፈለበት አገልግሎት ጋር ያገኛል፤ ብዙዎች የአስተዳዳሪውን ገጽ ከፍተው ስላላዩት ብቻ ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ። ከዚያ በላይ ያለው፣ ለምሳሌ ከሥራ ኢሜይል ወደ ግል መተግበሪያ ኮፒ ማድረግን የሚከለክለው የማይክሮሶፍት ኢንቱን፣ የሚያስፈልገው የደንበኞችን የጤና ወይም የገንዘብ መረጃ ለሚይዙ ድርጅቶች ነው።

ስልኩ ያረጀበትንና ማሻሻያ የማይደርሰውን ሠራተኛ ምን እናድርግ?

የአንድሮይድ ስልክ በማስተካከያው ውስጥ የመጨረሻውን የደህንነት ማሻሻያ ቀን ያሳያል፤ ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈው ስልኩ ለታወቁ ቀዳዳዎች ክፍት ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24፣ ጎግል ከፒክስል 8 ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ቢገቡም፣ ብዙ ሠራተኞች የሚይዟቸው ርካሽ ስልኮች የሚታደሱት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሠራተኛው አዲስ እንዲገዛ ማስገደድ ደግሞ ደመወዙን አለማወቅ ይሆናል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ሥራው ስልክ የሚጠይቅ ከሆነ ድርጅቱ ወይ መሣሪያውን ያቅርብ፣ ወይም በውሉ ላይ በግልጽ ተስማምቶ የዳታና የስልክ አበል ይክፈል። እስከዚያ ድረስ ያረጀው ስልክ ኢሜይል ብቻ እንዲከፍት መገደብ መካከለኛ መፍትሔ ነው።

ሥራችን በሙሉ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ግሩፕ ነው፤ ይህስ?

ለመጠራራትና ለቀጠሮ ይሁን፤ ለደረሰኝ፣ ለውል፣ ለደንበኛ መታወቂያ ፎቶና ለይለፍ ቃል ግን አይሁን። በእነዚህ ግሩፖች የተላከ ፋይል በየአባሉ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ከዋትስአፕ ግሩፕ የተወገደ ሰው ቀደም ሲል የተላኩትን መልእክቶች በስልኩ እንደያዘ ነው። ድርጅቱም ክርክር ሲነሳ የሚያቀርበው መዝገብ አይኖረውም። በአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በ16 የፋይናንስ ድርጅቶች ላይ በድምሩ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት የጣለው ሠራተኞቻቸው በግል ስልክ በተለዋወጡት መልእክት የሥራ ጉዳይ ሲነጋገሩ መዝገቡን ባለመያዛቸው ነበር።

ሠራተኛ ሲለቅ ምን መደረግ አለበት?

አካውንቱ በመጨረሻው የሥራ ቀን ይዘጋ፤ ክሊራንሱ እስኪያልቅ አይጠበቅ። በድርጅቱ ስም ያሉ የቴሌግራም ቻናሎች፣ የፌስቡክ ገጾችና የነጋዴ አካውንቶች በለቀቀው ሰው የግል ስልክ ቁጥር የተመዘገቡ እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ፤ ይህ ሲዘነጋ ድርጅቱ የገዛ ገጹን ለማስመለስ ሰው ሲለምን ይገኛል። ዋና ባለቤትነቱ ገና ሲከፈት በድርጅቱ ሲም ካርድ ላይ መሆን ነበረበት። የሥራ ፕሮፋይል ካለ ሠራተኛው እያየ ይጥፋ፤ የግል ፋይሉ እንዳልተነካ በዓይኑ ያረጋግጥ።

የሠራተኛን ስልክ ተቀብዬ የመፈተሽ መብት አለኝ?

መረጃ ወጥቷል ብሎ መጠርጠር ብቻውን ይህን መብት አይሰጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን ያስከብራል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ፣ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ፣ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ይህ አዋጅ ባልተዘጋ አካውንት ተመልሶ የሚገባውን የቀድሞ ሠራተኛ እንደሚመለከት ሁሉ የሠራተኛውን የግል ቴሌግራም ከፍቶ የሚያነብበውን አለቃም ሊመለከት ይችላል። «ፈርሟል» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ የሚፈርም ሰው በነፃ ፈቃዱ ፈቀደ ለማለት ያስቸግራል። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ለፖሊስና ለሕግ ባለሙያ ይተው፤ ድርጅቱ በራሱ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን የመግቢያ መዝገብ ሳያጠፋ ይጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ በቂ ማስረጃ የሚገኘው እዚያ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ኃላፊነቱ በሁለት በኩል ነው። ድርጅቱ የደንበኞቹንም የሠራተኞቹንም መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ መያዝና ተገቢውን ጥበቃ ማድረግ አለበት፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞች መረጃ በሠራተኛ ስልክ በኩል ቢወጣ «ስልኩ የእኛ አይደለም» የሚለው መልስ ድርጅቱን ከተጠያቂነት ያወጣዋል ብዬ አላምንም፤ መረጃውን የሰበሰበው ድርጅቱ ነውና።

ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ደንቡ እኔን አይመለከትም ቢሉስ?

በተግባር ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቀው በጓዳ ነው። ከፍተኛው ሥልጣን ያለው አካውንት፣ ክፍያ የሚያጸድቀውም ስልክ በእርሳቸው እጅ ነው፤ አጭበርባሪም ሠራተኛን ለማታለል የሚጠቀምበት የእርሳቸውን ስምና ፎቶ ነው። ስለዚህ የአይቲ ባለሙያው ጉዳዩን እንደ መታዘዝና አለመታዘዝ ሳይሆን እንደ ገንዘብ ጥበቃ አድርጎ ያቅርብላቸው። ለዕለት ሥራ የሚጠቀሙበት አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን አይኑረው፤ ያ ሥልጣን ስልክ ላይ በማይከፈት ሌላ አካውንት ይቀመጥ። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክፍያ ደግሞ በአንድ ሰው ተዘጋጅቶ በሌላ ሰው ይጽደቅ፤ የድርጅቶች የኢንተርኔት ባንክ አገልግሎት ይህን አሠራር የሚሰጥ ከሆነ ባንኩን ጠይቆ ማስከፈት ነው። በስልክ መልእክት ብቻ የመጣ «አሁኑኑ ክፈል» የሚል ትእዛዝ፣ ከማንም ይምጣ፣ በሚታወቀው ቁጥር ተደውሎ በድምፅ ሳይረጋገጥ አይፈጸም፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደውላ በማረጋገጧ እንደማትወቀስም ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ፈርመው በጽሑፍ ይስጧት።